ዓለም አቀፍ የባህል ጭፈራ ቡድኖች በገጠር አሜሪካ

ዓለም አቀፍ የባህል ጭፈራ ቡድን የሚባለው የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እየተገናኙ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጭፈራ የሚማሩበትና አብረው የሚጨፍሩበት የበጎ ፈቃድ ስብስብ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ትርኢት ከሚያሳይ የባህል ውዝዋዜ ቡድን የሚለየው ተመልካች ስለሌለው ነው፤ ወደ አዳራሹ የገባ ሁሉ ጨፋሪ ነው። አባላቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጨፍሩት የራሳቸውን ወገን ጭፈራ አይደለም። አንድ የአሜሪካ ገበሬ በአንድ ምሽት የቡልጋሪያን፣ የስዊድንን፣ የግሪክንና የእስራኤልን ጭፈራ ተራ በተራ ሊጨፍር ይችላል።

እንዲህ ያሉ ቡድኖች በዩናይትድ ስቴትስ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በከተሞች ተበራከቱ። በገጠር ግን ከቀደመው የአካባቢው ልማድ ጋር ተዋሕደው የራሳቸውን መልክ ያዙ። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ፈለሱ። እያንዳንዱ ወገን ጭፈራውን ይዞ መጣ፤ የሚጨፍረው ግን በራሱ ሠርግና በራሱ በዓል ነበር። ይህን ሀብት ለሌላውም ለማዳረስ ቀድመው ከተነሡት አንዷ ኤልዛቤት በርቸናል ናቸው። በርቸናል በአውሮፓ እየተዘዋወሩ ጭፈራዎችን ሰበሰቡ፣ ከነዜማቸው በመጽሐፍ አሳተሙ፣ በኒው ዮርክ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም እንዲገቡ አደረጉ። በ1916 የተቋቋመው የአሜሪካ የባህል ጭፈራ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም እርሳቸው ነበሩ።

አዋቂዎች ለመዝናናት የሚሰባሰቡባቸው ቡድኖች የተስፋፉት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ነው። በ1938 ሶንግ ቻንግ የተባሉ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ በስማቸው የተጠራውን ቡድን መሠረቱ። በ1939 እና በ1940 በኒው ዮርክ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ማይክል ኸርማን ጎብኚውን ሕዝብ ራሱን ያስጨፍሩ ነበር። ከሊቱዌኒያ የመጡት ቪትስ ቤሊያዩስ ደግሞ «ቪልቲስ» የተባለ መጽሔት አቋቁመው በመላ አገሪቱ ተበትነው የነበሩትን ጨፋሪዎች አገናኙ፤ ቃሉ በሊቱዌኒያ ቋንቋ «ተስፋ» ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ቡድኖች በ1942 ፌዴሬሽን መሠረቱ። በ1948 በስቶክተን ከተማ የተጀመረው የበጋ ሥልጠና ለአሠልጣኞች ዋና መገናኛ ሆነ።

ወደ ገጠር የገባበት መንገድ

የአሜሪካ ገጠር ጭፈራን ከከተማ አልተማረም። በኒው ኢንግላንድ ሁለት ረድፍ ሠርቶ ፊት ለፊት የሚጨፈረው ኮንትራ፣ በሌላውም አገር አራት ጥንዶች አራት ማዕዘን ሠርተው የሚጨፍሩት የስኩዌር ጭፈራ ቀድሞ ነበረ። በ1917 እንግሊዛዊው የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ ሴሲል ሻርፕ በኬንታኪ ተራሮች ፓይን ማውንቴን በተባለ ስፍራ ያዩትን የአካባቢ ጭፈራ እጅግ አድንቀው መዝግበዋል።

በብዙ የገጠር አጥቢያዎች ግን ቤተ ክርስቲያን ጭፈራን፣ ይልቁንም ቫዮሊንን፣ እንደ ኃጢአት ታይ ነበር። ወጣቶቹ መውጫ ያገኙት በመሣሪያ ፈንታ በራሳቸው ድምፅ እየዘፈኑ ክብ ሠርተው በመጫወት ነው። ስሙ «ጨዋታ» እንጂ «ጭፈራ» ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ አልከለከሉትም። በኋላ የመጡ አስተማሪዎች የዴንማርክና የጀርመን የዘፈን ጨዋታዎችን በቀላሉ ያስገቡት በዚህ በተከፈተ በር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትምህርት ነው። በ1925 ኦሊቭ ዴም ካምቤል እና ማርጌሪት በትለር በሰሜን ካሮላይና ብራስታውን በተባለች መንደር የጆን ሲ ካምቤል የሕዝብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ። አርአያ ያደረጉት የዴንማርክን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው፤ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ፈተናም ውጤትም የለም፤ ገበሬው እርሻን፣ የእጅ ሙያን፣ ዘፈንንና ጭፈራን ጎን ለጎን ይማራል። በዚህ ምክንያት የዴንማርክ ጭፈራ በአፓላሺያ ተራሮች ሥር ሰደደ። በኬንታኪ የሚገኘው የበሪያ ኮሌጅም ከ1935 ጀምሮ የተራራውን ትምህርት ቤቶች ወጣቶች የሚያገናኝ የጭፈራ በዓል፣ ከ1938 ጀምሮ ደግሞ በገና ሰሞን የሚሰጥ የጭፈራ ትምህርት አካሂዷል።

ሦስተኛው መንገድ የገበሬው የራሱ ተቋማት ናቸው። በ1867 የተመሠረተው ግሬንጅ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር በየወረዳው አዳራሽ ነበረው፤ አዳራሹም ለስብሰባ፣ ለማዕድና ለጭፈራ ያገለግል ነበር። የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የገጠር ወጣቶች ክበባት የመዝናኛ መሪዎችን ያሠለጥኑ ነበር። ሊን ሮርባው የተባሉ አሳታሚ በኦሃዮ ዴላዌር ከተማ ያሳትሟቸው የነበሩ በኪስ የሚያዙ የዘፈንና የጭፈራ መጻሕፍት አስተማሪ ወደማይደርስበት መንደር ጭምር ደርሰዋል።

የዊስኮንሲኑ ምሳሌ

የገጠር ቡድን ምን እንደሚመስል በግልጽ የሚታየው በደቡብ ምዕራብ ዊስኮንሲን ነው። አካባቢው ኮረብታማ የወተት ከብት አርቢዎች አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ኮርንዎል ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ኖርዌያውያን፣ ስዊሶችና ጀርመኖች በየሸለቆው ሰፍረውበታል። ስዊሶቹ ኒው ግላረስን የቆረቆሩት በ1845 ነው።

ጄን ፋርዌል (1916–1993) የዚህ አገር ልጅ ናቸው። የገጠር መዝናኛ መሪነትን ሙያቸው አድርገው በብዙ ክፍለ ግዛቶች እየተዘዋወሩ የጭፈራና የመዝናኛ ካምፖችን አቋቋሙ። በ1947 በትውልድ አካባቢያቸው የገና በዓል ዝግጅት ጀመሩ፤ ዝግጅቱ በየዓመቱ የሚደገም ልማድ ሆነ። በ1950ዎቹ በጀርመን ኖረው የአሜሪካን ጭፈራ እዚያ አስተማሩ። በ1956 ከማይክልና ከሜሪ አን ኸርማን፣ ከኒው ሃምፕሸሩ የኮንትራ መሪ ከራልፍ ፔጅ እና ከሌሎች ጋር ጃፓንን ዞረው አስጨፍረዋል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በዶጅቪልና በሪጅዌይ አቅራቢያ ባለው እርሻቸው ፎክሎር ቪሌጅ የተባለውን ማዕከል አቋቋሙ። የማዕከሉ ሥራ የተጀመረው ዌክፊልድ በተባለ ባለ አንድ ክፍል የገጠር ትምህርት ቤት ነው። በኋላም በ1882 የተሠራች ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወደ ግቢው ተዛውራለች፤ ሰፊ የጭፈራ አዳራሽም ተገንብቷል። ማዕከሉ በሰኔ የስካንዲኔቪያን የበጋ አጋማሽ በዓል ያከብራል፣ በገና ሰሞን የብዙ ሕዝቦችን የገና ልማድ ያሳያል፣ በሌሎች ቅዳሜና እሑዶች ደግሞ የአንድን ወገን ሙዚቃና ጭፈራ ለይቶ ያስተምራል።

የፋርዌል አካሄድ ጭፈራን ከበዓሉ፣ ከምግቡና ከእጅ ሥራው አይለይም። የስዊድን ጭፈራ የሚማር ሰው በዚያው ቀን የበዓሉን ምሰሶ በአበባና በቅጠል ያለብሳል፣ ጠረጴዛ ያስጌጣል፣ ሳህን ያጥባል። ሕፃንና አዛውንት በአንድ ክብ ውስጥ ይቆማሉ። እንግዳ የሆነው ባህል ለገበሬው ቤተሰብ ቅርብ የሚሆንለት በእጁ ስለሠራበት ነው።

የአንድ ምሽት አካሄድ

የገጠር ቡድን ምሽት ብዙውን ጊዜ በጋራ ማዕድ ይጀምራል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሠራውን ምግብ ይዞ ይመጣል። ረጅም መንገድ ነድቶ ለመጣ ሰው እራቱ የጨዋታው አካል ነው።

ከማዕድ በኋላ መሪው ቀላል የክብ ጭፈራዎችን ያስተምራል። እርምጃውን በቃል ይቆጥራል፣ ያለ ሙዚቃ ያሳያል፣ ቀስ ብሎ ከሙዚቃው ጋር ያዋሕደዋል። ጀማሪዎች ጭፈራውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ገብተው በእጃቸው እየተመሩ ይማራሉ። ቀጣዩ ክፍል በአባላት ምርጫ የሚካሄድ ነው፤ ሁሉም የሚፈልገውን ጭፈራ ስም በሰሌዳ ይጽፋል፣ ምሽቱም በዚያ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

በብዙ የከተማ ቡድኖች ጀማሪው፣ መካከለኛውና የሠለጠነው በተለያየ ቀን ይጨፍራሉ። በገጠር ይህን ማድረግ አይቻልም። ከሃያ የማይበልጡ ሰዎች በሚገኙበት ምሽት ከባድ ጭፈራ ቢበዛ አዲሱ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ቀላል ብቻ ቢሆን ደግሞ ነባሩ ይሰለቻል። የመሪው ጥበብ ሁለቱን ማመጣጠን ነው።

የጭፈራ ዓይነቶችና ምንጫቸው

ጭፈራዎቹ በአሰላለፍ በአራት ይከፈላሉ፤ እነርሱም እጅ ለእጅ ተያይዘው በክብ ወይም በመስመር የሚጨፈሩት፣ የጥንድ፣ ጥንዶች በየተራ የሚለዋወጡባቸው እና ረድፍ ወይም አራት ማዕዘን የሚሠሩት ናቸው። ቀድሞ እንደ ስዊድኑ ሃምቦ ያሉ የጥንድ ጭፈራዎች ሰፊ ቦታ ነበራቸው። ከ1950ዎቹ ወዲህ የባልካንና የእስራኤል የክብና የመስመር ጭፈራዎች ገነኑ። ለእነዚህ አጣማጅ መፈለግ ስለማያስፈልግ ባልቴቷም፣ ብቻውን የመጣ ወጣትም፣ ልጅም እኩል ይገባሉ።

የባልካን ጭፈራ ልዩ የሚያደርገው ያልተስተካከለ ምቱ ነው። የመቄዶንያው ሌስኖቶ ሰባት ምት ሲኖረው በ3፣ በ2 እና በ2 ተከፍሎ ረጅሙ ይቀድማል። የቡልጋሪያው ራቸኒጻም ሰባት ነው፤ ነገር ግን በ2፣ በ2 እና በ3 ስለሚከፈል ረጅሙ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ኮፓኒጻ አሥራ አንድ ምት አለው። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ቢከብድም እግር ግን «ፈጠን፣ ፈጠን፣ ዘግየት» እየተባለለት ቶሎ ይለምደዋል።

በየአዳራሹ የሚጨፈረው ሁሉ ከጥንት የወረደ አይደለም። ሚዘርሉ የተባለው ዝነኛ ጭፈራ የተወለደው በ1945 በፒትስበርግ በዱኬን ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዲት ግሪካዊ አሜሪካዊት ተማሪ የቀርጤስን ጭፈራ ልታሳይ ስትል ትክክለኛው ሙዚቃ ስላልተገኘ እርምጃው «ሚዘርሉ» ከተባለው ዘገም ያለ ዘፈን ጋር እንዲስማማ ተደረገ፤ ጭፈራውም ከዚያ ወደ መላው ዓለም ተሠራጨ። ማይም ማይም ደግሞ በ1937 ናዓን በተባለ ኪቡትስ ውኃ በመገኘቱ የተፈጠረ የደስታ ጭፈራ ነው። ማይም በዕብራይስጥ ውኃ ማለት ነው፤ የዘፈኑ ቃልም የተወሰደው ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 12 ነው። ይህ ጭፈራ ዛሬ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ይታወቃል።

ሙዚቃ

የገጠር ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚጨፍረው በተቀረጸ ሙዚቃ ነው። ማይክል ኸርማን ለጭፈራ ተብለው የተቀረጹ ሸክላዎችን ያሳትሙ ነበር፤ ሸክላው ከእርምጃው መግለጫ ጋር በፖስታ ስለሚላክ ርቆ ያለ መምህር ራሱን ችሎ ማስጨፈር ቻለ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ተሸጋግሯል። ቫዮሊን፣ አኮርዲዮንና ጊታር የሚጫወቱ አባላት ባሉበት ግን ሙዚቃው ሕያው ይሆናል፤ ሙዚቀኛው የጨፋሪውን እግር እያየ ፍጥነቱን ማስተካከል ይችላልና።

ፈተናዎች

ለብዙ ቡድኖች ከ1960ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ያለው ጊዜ የድምቀት ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነባሮቹ አባላት እያረጁ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ እየሄደ ቁጥሩ ቀንሷል። በገጠር ቡድኑ ብዙ ጊዜ በአንድ መሪ ትከሻ ላይ ያረፈ ነው፤ መሪው ሲታመም ወይም ሲለቅ ስብስቡ ይበተናል። ስለዚህ የቆዩት ቡድኖች መሪነቱን ለብዙዎች ያከፋፍላሉ፣ ጉልበት የሚጠይቀውን ዝላይ ወደ እርምጃ ይለውጣሉ፣ ከትምህርት ቤቶችም ጋር ይሠራሉ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አዳራሾችን በዘጋ ጊዜ ብዙዎቹ በቪዲዮ እየተያዩ በየቤታቸው ጨፍረዋል።

ሌላው ጥያቄ የታማኝነት ነው። ከአንድ መንደር ሠርግ የተወሰደ ጭፈራ በሌላ አገር አዳራሽ ሲደገም ቅደም ተከተሉ ይወሰናል፣ ያለ ልምምድ የሚመጣው ነፃነቱ ይጠፋል፣ የዘፈኑም ትርጉም ይረሳል። ለዚህ ጠንቃቃ አስተማሪዎች ከእርምጃው ጋር የመንደሩን ስም፣ የሚጨፈርበትን በዓልና የዘፈኑን ፍቺ ያስተምራሉ፤ ሲቻልም የባህሉን ባለቤቶች ራሳቸውን ይጋብዛሉ።