ገበታውና የሠሪው እጅ
በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስለሚገኝ የሲዳማ ቤት ቅርስ

የሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱም 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ገጽ የሚወጣለት መፍሰሻ የለውም። ከተማይቱ በምሥራቅ ዳርቻው ተሠርታለች፤ የታቦር ኮረብታም ከአፋፉ ቆሞ ይመለከታታል። በማለዳ ወደ ሐይቅ ዳር የወረደ ሰው በአሞራ ገደል ጀልባቸውን የሚያስጠጉትን ዓሣ አጥማጆች፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠሩትን ልጆች፣ ከእነርሱም እግር ሥር የዓሣውን ትራፊ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ ያያል። ይህ የዘወትር መልክ ነው፤ ነገር ግን የአገሩ ታሪክ ከዚህ ከሚታየው ይልቅ በቤት ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ተጽፏል ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ከነዚህ ዕቃዎች አንዱን፣ ይኸውም ሻፌታ የሚባለውን የሸክላ ገበታ፣ መርጠን እንመረምራለን።

አስቀድሞ ስለ ስፍራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቦታው ከተማ ከመሆኑ በፊት አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ ከብት የሚሰማራበትና የሚጠጣበት ሜዳ ነበር። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ከይርጋለም ወደ እርሷ ተዛወረ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሕዝብ ተቀላቅሎባት ስለሚኖር፣ የጥንቱ ሥርዓት ፈጽሞ ተሸፍኖ በቀረ ነበር። ሳይሸፈን የቀረው በዓሉ በየዓመቱ እየተመለሰ ስለሚገልጠው ነው።

በዓሉ ፍቼ ጫምባላላ ይባላል፤ የሲዳማ የዘመን መለወጫ ነው። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ብቻ አለው፤ እነርሱም ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ ናቸው። ሰባት ሳምንት አንድ ወር ይሆናል፤ እንዲህ ሆኖ አሥራ ሁለቱ ወራት ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት ቀን፣ አሥራ ሦስተኛው ሃያ ዘጠኝ ቀን ስላለው፣ ዓመቱ 365 ቀን ይሞላል። በዓሉ የሚውልበትን ዕለት ግን የሚወስኑት የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ የሚመለከቱት ሊቃውንት፣ አያንቶዎች ናቸው። ስለዚህ ዕለቱ በኛ ወር ቁጥር አንድ ቦታ ላይ አይቆምም።

የበዓሉን መነሻ አባቶች እንዲህ ያወሩታል። አንዲት የሲዳማ ሴት ባል ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆችዋንና ዘመዶችዋን ትጠይቅ ነበር፤ ስትሄድም ቡሪሳሜ ይዛ ትሄድ ነበር። ቡሪሳሜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚዘጋጅ ምግብ ነው። ያመጣችውንም ጎረቤት ሁሉ ተካፍሎ ይበላው ስለ ነበረ፣ ያች ዕለት የሕዝቡ ሁሉ በዓል ሆነች ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ያስተውል። የብዙ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ከንጉሥ መንገሥ፣ ከድል ወይም ከሰማይ ምልክት ጋር ሲያያዝ፣ የዚህ በዓል ታሪክ የተመሠረተው አንዲት ሴት ተሸክማው በሄደችው ምግብ ላይ ነው። ምግብ ደግሞ ያለ ዕቃ አይሄድም።

በዋዜማው ሰውም ከብትም ከእርጥብ ቀርከሃ በተሠራ በር ሥር ያልፋል፤ ይህም ካለፈው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ነው። ከዚያም ቤተ ሰብና ጎረቤት በታላቁ ሰው ቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌው ከመረቀ በኋላ፣ በሻፌታ የቀረበውን ቡሪሳሜ ባንድነት ይበላል። በማግስቱ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ሲሉ፣ የቤቱም ሰዎች «ኢሌ ኢሌ» ብለው ለከርሞ ያድርሳችሁ እያሉ ያበሏቸዋል። በሐዋሳ ሕዝቡ በሐይቁ አጠገብ በሚገኘው ጉዱማሌ ሜዳ ወጥቶ ቄጣላ የተባለውን ዘፈንና ጭፈራ ያሳያል፤ የጎሣ መሪዎችም ሥራን እንዲወድ፣ ሽማግሌን እንዲጦር፣ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቈርጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰክርና እንዳይሰርቅ ይመክሩታል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. በናሚቢያ ከተማ በዊንድሁክ ባደረገው ስብሰባ ይህን በዓል በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስገብቶታል። በመዝገቡም ዕድሜ፣ ጾታና ማዕረግ ሳይለይ ሁሉም የሚካፈለው በዓል ተብሎ ተጽፏል።

አሁን ወደ ገበታው እንመለስ። በሐዲድ፣ በቆርቆሮና በፕላስቲክ ዘመን ሻፌታ ከበዓሉ ያልተለየው ስለ ምን ነው? ሸክላ ከሌላው ንብረት የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ይሰበራል። የእንጨት ሣህን ወይም የብር ጌጥ ከአያት ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ሸክላ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አይቈይም፤ የተሰበረበት ቤት ደግሞ ወደ ገበያ ሄዶ ሌላ መግዛት አለበት። እንግዲህ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ገበታው ራሱ ሳይሆን የገበታው ዓይነት፣ በበዓሉም ላይ ያለው ስፍራ፣ ከሁሉም በላይ በባለቤቱና በሸክላ ሠሪዋ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ይህ ግንኙነት የተቋረጠ እንደ ሆነ ቅርሱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ያልቃል።

ነገር ግን ይህች ሠሪ ማን ናት? በሲዳማ ዘንድ የሸክላ ሥራ የሐዲቾ ሴቶች ሥራ ነው፤ ብረት መቀጥቀጥ የቱንቲቾ፣ ቆዳ መፋቅ የአዋቾ እንደ ሆነ ሁሉ። እነዚህ ሦስት ወገኖች ለብዙ ዘመን በሌላው ዘንድ እንደ ዝቅተኛ ሲቈጠሩ ኖረዋል፤ ባለ መሬቱ ከእነርሱ ጋር በጋብቻ አይተሳሰርም ነበር። አንጋ በሲዳምኛ እጅ ማለት ነው፤ ስለ ንጽሕና የወጣውም ሥርዓት በዚሁ ስም ይጠራል። የአንጋ ባለቤት የሆነ ሰው ከዚያ ሥርዓት ውጭ የሆነ እጅ ያረደውን ሥጋ አይበላም። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ይቆማል። የሕዝብን አንድነት የሚያሳየው ምግብ የሚቀርበው ከማዕድና ከጋብቻ የራቀችው ሴት በእጅዋ ባበጀችው ገበታ ነው፤ ከእጅዋ ዕቃው ይወሰዳል፣ እጅዋ ግን አይጨበጥም።

ይህ ነገር የሲዳማ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ። በወላይታ ሸክላ ሠሪው፣ በሰሜንም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በቡዳነት ሲታማ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ስለ ሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አዋጁ ለሠሪው ክብር የተነገረ ታላቅ ቃል ቢሆንም፣ ልማዱ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ብናመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ የሚኖረው ነባር ሕዝብ አይኑ ይባላል፤ አገሩ በክረምት በረዶ የሚለብስ፣ ወንዙም ሳልሞን የተባለው ዓሣ የሚወጣበት ነው። በአይኑ ቤት ማዕዘን በክብር ተደርድረው ይቀመጡ ከነበሩት የቤተ ሰብ ዕቃዎች ብዙዎቹ ከዛፍ በሚገኝ ሙጫ ተለብጠው የሚያበሩ ጽዋዎችና ማድጋዎች ነበሩ። እነዚህን የሠሩት አይኑዎች አልነበሩም፤ በጠጉርና በዓሣ ለውጠው ከጃፓኖች ያገኙአቸው ናቸው። ለአማልክት መጠጥ የሚነሣበትን ኢኩፓሱይ የተባለውን በትር ግን አይኑው ራሱ ይቀርጸው ነበር፤ የአባቶቹንም ዘር ምልክት ይጽፍበት ነበር። በአንድ ጸሎት ላይ የባዕድ እጅ ጽዋና የባለቤቱ እጅ በትር ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

የጃፓን መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ባወጣው ሕግ አይኑን ገበሬ አድርጎ ከጃፓን ሕዝብ ጋር ለማዋሐድ ስለ ተነሣ፣ ዕቃውም ልማዱም እየተበተነ ሄደ። ከዕቃው ብዙውን የወሰዱት ተመራማሪዎች ነበሩ። በኒቡታኒ መንደር የተወለደው ሺጌሩ ካያኖ ይህን አይቶ እጅግ ስላዘነ፣ በራሱ ገንዘብ እየገዛና እየሠራ የአያቶቹን ዕቃ ሰበሰበ፤ በ1972ም በዚያው መንደር ቤተ መዘክር ተከፈተ። ቆይቶም በ1994 በጃፓን ምክር ቤት የተቀመጠ የመጀመሪያው አይኑ ሆነ። የ1899ኙ ሕግ በ1997 ተሻረ። በ2013ም የኒቡታኒ የእንጨት ሣህንና ከዛፍ ልጥ የሚሠራው ጨርቅ በመንደሩ ስም ተጠርተው በመንግሥት የእጅ ሥራ መዝገብ ገቡ። እዚያ የተደረገው ነገር ዕቃውን ማስቀመጥ ብቻ አልነበረም፤ ዕቃውን ለሠሪው መንደር መመለስ ነበር።

ይህ ምሳሌ ለኛም ለተመራማሪዎች ትምህርት አለው። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር፣ በውጭም አገር በፍራንክፈርትና በሌሎች ከተሞች ከደቡብ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ዕቃዎች ይገኛሉ። እንዲህ ላሉ ዕቃዎች በተለመደው አጻጻፍ የዕቃው ስም፣ የሕዝቡ ስምና የተገኘበት ስፍራ ይመዘገባል፤ «የሲዳማ የሸክላ ገበታ» ተብሎ ቢጻፍም ሐሰት የለበትም። ነገር ግን «ሲዳማ» የሚለው አንድ ቃል ገበታውን ያቀረበችውን እመቤትና ያበጀችውን የሐዲቾ ሴት ባንድነት ከሸፈነ፣ መዝገቡ ከድሮው ልማድ ባላነሰ ሠሪዋን ከማዕድ አርቋታል።

ስለዚህ በሐዋሳ ዙሪያ የቤት ቅርስ የሚመዘግብ ተማሪ ሦስት ነገር ይጠይቅ እንላለን፤ ዕቃው በየትኛው ቀን ይወጣል፣ በተሰበረ ጊዜ ከማን ይገዛል፣ ሠሪዋስ በዚያ ቀን ከገበታው ዙሪያ ትቀመጣለች ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ይከብዳል፤ ቢሆንም በዓሉ ማዕረግ ሳይለይ የሁሉ ነው ተብሎ በዓለም ፊት ከተጻፈ ወዲህ ሊታለፍ አይገባውም። የመጀመሪያይቱ ሴት ወደ ዘመዶችዋ ስትሄድ ምግቡን የያዘችበት ዕቃ የሌላ ሴት እጅ ሥራ ነበረ ብሎ ማሰብ ይገባል። ታሪኩ ያችኛይቱን አላነሣም፤ መዝገባችን ግን ሊያነሣት ይችላል።