ከእንዝርት እስከ ሸማኔው ጉድጓድ

ስለ ሸማ ታሪክ ሲወራ የሚነሣው ሸማኔው ነው። ይገባዋል። ነገር ግን በአገራችን ሸማኔው ወንድ፣ ፈታይዋ ሴት ሆነው ነው ሥራው የኖረው። እኛም በዚህ ዕትም ስለ ፈታይዋ እንጽፋለን።

ጥጥ የቆላ ተክል ስለሆነ በቡኢና በአካባቢው ከገበያ ይገዛል። እናቶቻችን ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ዳምጠው ፍሬውን ያወጣሉ፤ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈትሉታል። ልቃቂቱ ሲበቃ ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳል። እሱ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን እየወረወረ ይሠራል። ባለፈትሏ የእጁን ዋጋ ከፍላ ጋቢዋን ትረከባለች። ክሩ የሴቲቱ ሀብት ነበር ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ግን ድሩን ማን እንደፈተለው የሚጠይቅ የለም።

ሸማኔው በሥራው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማ የሚሠራውንና ብረት የሚቀጠቅጠውን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ፈታይዋ አልተሰደበችም፤ አልተመሰገነችምም። ሥራዋ የቤት ጣጣ እንጂ ሙያ ተብሎ አልተቆጠረም።

ኋላ የድሬዳዋ፣ የአቃቂና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መጡ። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራ የማይበጠስና እኩል የሆነ ክር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሸማኔው ድሩን በፋብሪካ ክር ማድራት ጀመረ። አልፈረድንበትም፣ ጊዜ ይቆጥብለታል። ለእጅ ፈትል የቀረው ማጉ ነው፤ የጋቢው ልስላሴና ሙቀትም ከዚያ ነው። አሁን ደግሞ በማሽን የታተመ የውጭ ጨርቅ «የሐበሻ ልብስ» እየተባለ ይሸጣል።

በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች፣ ሸማኔዎቹ በብዛት ሴቶች ናቸው። የድሩን አንድ ጫፍ ከግንድ ወይም ከችካል ያስራሉ፤ ሌላውን በወገባቸው ይታጠቁታል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብሉ ድሩ ይወጠራል። የፋብሪካ ጨርቅ እነሱንም ፈትኗቸዋል። በፔሩ፣ በኩስኮ ከተማ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ኒልዳ ካያኛውፓ የምትባል ሸማኔ ከሌሎች ጋር የባህላዊ ሽመና ማዕከል አቋቋመች። እዚያ አሮጊቶቹ ልጆችን ያስተምራሉ፤ ሥራቸውም ለገበያ ይቀርባል። ለእኛ ትልቁ ነገር ሁለተኛው ነው፤ ገቢ የሌለበትን ሙያ የምትማር ወጣት አናገኝምና።

በሶዶ የጢያ 36 ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ጎራዴው ድንጋይ ላይ ስለተቀረጸ እስከ ዛሬ ይታያል። ፈትል ግን ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ የሚቀርበት ድንጋይ የለውም።

ስለዚህ አባላት ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። እንዝርት የምትችሉ እናቶች ቢያንስ አንዲት ልጅ ይዛችሁ አስተምሩ። ጋቢ ስንሸጥም የጥጡ፣ የፈታይዋና የሸማኔው ዋጋ ለየብቻው ይጻፍ። ደጋፊዎቻችንም ስትገዙ የፈታይዋ ድርሻ ስንት እንደሆነ ጠይቁን።