ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ፦ በመንግሥት ፖስታ ወይስ በግል ኩሪየር?

ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴና በዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎች ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገራት ለሥራ የሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ቤተሰብ ከእነርሱ የሚጠብቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ስልክ፣ ልብስ፣ የውኃ ፓምፕ መለዋወጫና በኢንተርኔት ከውጭ መደብር የተገዛ ዕቃም ይጠበቃል። በብር ሒሳብ ከውጭ መደብር በቀጥታ መግዛት ቀላል ባለመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ከፋዩም ላኪውም ውጭ ያለው ዘመድ ነው። ዕቃው በመንግሥት ፖስታ ይምጣ ወይስ በግል ኩሪየር የሚለው ጥያቄ መመለስ ያለበት ዕቃው ከመላኩ በፊት ነው። ወጪውም፣ ዕቃው ቢጠፋ የሚኖረው መብትም የሚወሰነው ላኪው ሰነዱን በሚሞላበት ሰዓት ነውና።

ሁለቱ መንገዶች

የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ። አገሪቱ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። መቀመጫው በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የሆነው ይህ ኅብረት የአባል አገራት ፖስታ ቤቶች አንዱ የሌላውን መልእክት ተቀብለው እንዲያደርሱ ያስገድዳል። በመሆኑም በሳዑዲ ዐረቢያ ፖስታ ቤት የተሰጠ ጥቅል አዲስ አበባ ሲደርስ የሚረከበው ኢትዮ ፖስታ ነው። ከተራው ጥቅል ሌላ፣ ፖስታ ቤቶች በጋራ የሚሰጡት ኢ.ኤም.ኤስ. የተባለ ፈጣን አገልግሎትም አለ።

የግል ኩሪየር አሠራር ከዚህ ይለያል። እንደ ዲ.ኤች.ኤል.፣ ፌዴክስና ዩ.ፒ.ኤስ. ያሉ ድርጅቶች ዕቃውን ከላኪው ተረክበው በራሳቸው ወይም በወኪላቸው አማካይነት እስከ ተቀባዩ ያደርሳሉ። ኃላፊነቱ በአንድ ውል የታሰረ በመሆኑ ዕቃው ያለበትን ደረጃ መከታተል ይቀላል፤ ፍጥነቱም የተሻለ ነው። ዋጋው ግን ከፖስታው በብዙ ይበልጣል።

በሁለቱም መንገድ በአየር የሚመጣ ዕቃ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያርፈው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ እስከ ከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ይቀረዋል። ስለዚህ ላኪው “በሦስት ቀን ይደርሳል” ሲባል፣ የሚደርሰው አዲስ አበባ ነው ወይስ ከሚሴ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ብዙ ኩሪየሮች ከዋና ጣቢያቸው ለራቀ ቦታ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ።

ክፍያው እንዴት ይሰላል?

ፖስታ ቤት ጥቅልን በአብዛኛው የሚያስከፍለው በሚዛን በወጣው ክብደት ነው። ኩሪየሮች ግን የካርቶኑንም መጠን ያሰላሉ። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል፤ ከሚዛኑና ከዚህ ስሌት የበለጠው ለክፍያ ይያዛል። ለምሳሌ 50 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በስሌቱ 12 ኪሎ ግራም ይሆናል። በውስጡ ያለው ልብስ 4 ኪሎ ግራም ብቻ ቢመዝንም የሚከፈለው የ12 ኪሎ ነው። ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ በኩሪየር ሲላክ ካርቶኑን ማሳነስ ገንዘብ ማዳን ነው።

የጉምሩክ ቀረጥና ታክስ

በኩሪየር የመጣ ዕቃ ቀረጥ የለበትም፣ ወይም በፖስታ የመጣ አይፈተሽም የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። በሁለቱም መንገድ የመጣ ዕቃ በጉምሩክ ኮሚሽን ሥርዓት ያልፋል። እንደ ዕቃው ዓይነት የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ ታክስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ሊጠየቅበት ይችላል።

ቀረጡ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣና የመድን ወጪም ይደመራል። የ8,000 ብር ዕቃ በ2,000 ብር ማጓጓዣ ቢመጣ፣ መድን ሳይታሰብ፣ ስሌቱ የሚነሣው ከ10,000 ብር ነው። ያው ዕቃ በ6,000 ብር ማጓጓዣ ቢመጣ ከ14,000 ብር ይነሣል። ውድ ማጓጓዣ የመረጠ ሰው ቀረጡንም ያሳድጋል ማለት ነው። በተጨማሪ፣ ኩሪየሩ ቀረጡን ከፍሎ ዕቃውን ካስለቀቀ ለዚህ አገልግሎት ለብቻው ሊያስከፍል ይችላል።

ዋጋውን አሳንሶ መጻፍም መፍትሔ አይደለም። ጉምሩክ የቀረበውን ዋጋ ካልተቀበለው በራሱ መረጃ ሊተምን ይችላል፤ ዕቃው ከጠፋም ካሣው ከተጻፈው ዋጋ አይበልጥም። የግዢ ደረሰኝ ከጥቅሉ ጋር መላክ አለበት።

አድራሻና ስም

የዞኑ ነዋሪ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር የአድራሻ አጻጻፍ ነው። ላኪው “ኦሮሚያ” ብሎ ብቻ ከጻፈ ጥቅሉ ወደ ኦሮሚያ ክልል ሊመራ ይችላል። “ከሚሴ፣ አማራ ክልል፣ ኢትዮጵያ” ተብሎ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል። በአገራችን ፖስታ በልማድ የሚታደለው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ ይካተት። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው የሚያምነውን ዘመድ ወይም የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ሣጥን አስቀድሞ አስፈቅዶ መጠቀም ይችላል። የተቀባዩ ስልክም ከ251 ጀምሮ ይጻፍ።

ስምም እንዲሁ ነው። ሙሐመድ፣ ፋጡማ፣ ሰዒድ የመሳሰሉ ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋሉ። በጥቅሉ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ካልተመሳሰለ ርክክቡ ይጓተታል። ዕቃውን የሚረከበው ሰው መታወቂያውን በስልክ አንሥቶ ለላኪው ቢልክ ችግሩ ከመነሻው ይቀረፋል።

ዕቃው ቢጠፋስ?

በዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት አንድ የፖስታ ዕቃ ለባለመብቱ እስካልተሰጠ ድረስ በመርሕ ደረጃ የላኪው ንብረት ነው። አደራ ደብዳቤና ጥቅል ሲጠፋ ማጣሪያ የሚጠየቀው ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ነው። አቤቱታውን ማስጀመር የሚቀለው ዕቃው በተላከበት ፖስታ ቤት በላኪው በኩል ነው። ያለ መከታተያ ቁጥር የተላከ ተራ ደብዳቤ ግን ካሣ አያስገኝም። የፖስታ መከታተያ ቁጥር 13 ምልክቶች አሉት፦ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ በዘጠኝ አኃዞች ይቀጥላል፣ በላኪው አገር ሁለት ፊደላት ያበቃል።

በኩሪየር የተላከ ዕቃ መብት በውሉ ይገዛል። የአቤቱታው ጊዜ ከፖስታው ያጠረ ሊሆን ይችላል፤ ተጨማሪ መድን ካልተገዛ ካሣውም ብዙውን ጊዜ በክብደት የተገደበ ነው። ውድ ስልክ ቀላል ስለሆነ በክብደት የሚሰላ ካሣ ዋጋውን ላይሸፍን ይችላል።

ዘር፣ ችግኝና መድኃኒት

አርሶ አደሮች የአትክልት ዘርን እንደ ማንኛውም ዕቃ አድርገው ማስላክ የለባቸውም። ዘርና ችግኝ የዕፅዋት ኳራንቲን ቁጥጥር አለባቸው፤ የመግቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ። ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ጥንቃቄው ለወሎ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ማሳና የግጦሽ መሬት የሚወርረው ቅንጬ አረም ወይም ፓርቲኒየም ከውጭ ከመጣ የእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ይታመናል። መድኃኒትም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ያለ ማዘዣና ፈቃድ አይላክ።

የሐሰት ጥሪ

“ከውጭ ጥቅል መጥቶልዎታል፤ የጉምሩክ ክፍያ በዚህ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ” የሚል ጥሪ ወይም መልእክት የደረሰው ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት የመከታተያ ቁጥሩን ጠይቆ ከላኪው ጋር ያመሳክር። የመንግሥት ቀረጥ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አይከፈልም፤ የተከፈለበትም ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣል።

የቱ ለምን ይመረጥ?

የማይቸኩል፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ልብስ፣ መጽሐፍ ወይም መለዋወጫ የመከታተያ ቁጥር ባለው የፖስታ ጥቅል ቢላክ ወጪው ይቀላል። የትምህርት ማስረጃ፣ የውክልና ሰነድና ቀን የተቆረጠለት ወረቀት ኢ.ኤም.ኤስ. ወይም ኩሪየር ያስፈልገዋል፤ ሰነድ ቀላል በመሆኑ የዋጋው ልዩነትም ይጠባል። የቆመን የመስኖ ፓምፕ የሚያስነሣ ትንሽ መለዋወጫ ሰብሉ ውኃ ሳያጣ መድረስ ካለበት የኩሪየሩ ክፍያ ከሚጠፋው ምርት ጋር ይነጻጸራል። ውድ ዕቃ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ከነመድኑ ይሁን።

ቤተሰብ ለላኪው ዘመድ አስቀድሞ ሊያሳስበው የሚገባው አራት ነገር ነው፦ እስከ ከሚሴ ድረስ ያለውን ሙሉ ወጪ መጠየቅ፣ እውነተኛውን ዋጋ መጻፍ፣ ስምና አድራሻን ከመታወቂያ ጋር ማመሳሰል፣ የመላኪያ ደረሰኙን ዕቃው እጅ እስኪገባ ድረስ መጠበቅ።