ስሜትን መለየት አለመቻልና በሌላ ሰው ላይ የሚነሣ ቁጣ፦ ከየካና ከእንጦጦ አንጻር

አጽሕሮት
ይህ መጣጥፍ የራስን ስሜት ለይቶ የማወቅ ችግር (አሌክሲታይሚያ) ከቁጣ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመረምራል። ስሜትን የመለየት ችሎታ ከግለሰቡ ባሻገር በአድማጮቹም ላይ ስለሚመሠረት፣ በአዲስ አበባዎቹ የካና እንጦጦ መጠይቅ ብቻውን በቂ መለኪያ እንደማይሆን ይሞግታል።

ፅንሰ ሐሳቡና አሠራሩ
ስያሜውን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ፒተር ሲፍኔዎስ ነው። አሌክሲታይሚያ ከሰው ሰው በመጠን የሚለያይ ባሕርይ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ20 ጥያቄ የቶሮንቶ መለኪያ ሦስት ገጽታዎችን ይመዝናል፦ ስሜትን መለየት፣ ስሜትን መግለጽና ከውስጥ ይልቅ በውጫዊ ነገር ላይ ማተኮር።

ከቁጣ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው በተለይ የመጀመሪያው ነው። ፍርሃት፣ እፍረትና ሐዘን ካልተለያዩ ሰውየው የሚያውቀው የልቡን ምትና የሰውነቱን መረበሽ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ያልሞላለት አባወራ ጭንቀቱን ካላወቀው፣ የልጆቹ ጫጫታ የመረበሹ ምክንያት ሆኖ ይታየዋል፤ ቁጣውም በእነሱ ላይ ያርፋል። ፖንድና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አሉታዊ ስሜቶቻቸውን አጥርተው የሚለዩ ሰዎች ሲቆጡ ወደ ጠበኝነት የማምራት ዝንባሌያቸው ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል።

የአካባቢው ጥያቄ
ወደ እንጦጦ ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ የአንድን ሰው ቁጣ በቡዳ ወይም በዛር ሊያስረዳ ይችላል። በመለኪያው ዓይን ይህ ውጫዊ አስተሳሰብ ሊመስል ይችላል፤ ባህላዊ ማብራሪያን እንደ ግለሰብ ጉድለት መቁጠር ግን ስሕተት ነው። ያው ሰው ለንስሐ አባቱ ሲናዘዝ ቅናቱን ከቂሙ ይለያል፤ በሽማግሌዎች ፊት ደግሞ በትክክል ምን እንዳስከፋው መናገር ይኖርበታል። በሌላ በኩል ማብራሪያው በመንፈስ ብቻ ከቆመ የራስን ስሜት ባለቤት መሆን ይዘገያል፤ ዱላውም ሰበብ ያገኛል።

የጠበልና የሕክምና መንገዶች የግድ አይጋጩም። ዮናስ ባህረጥበብና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ የጠበል አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው መሥራታቸውን ዘግቧል።

መደምደሚያ
በየካ በሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ወይም በእንጦጦ ጠበል አካባቢ የሚደረግ ጥናት መጠይቁን ከቅርብ ጊዜ ጠብ ትረካ ጋር ማጣመር ይኖርበታል። ድብርት ከአሌክሲታይሚያ ጋር ስለሚደራረብ ለብቻው መለካት አለበት። ለሕክምናም ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ታካሚው ቁጣውን እንዲቆጣጠር ከመምከር በፊት፣ ከቁጣው አስቀድሞ ምን እንደተሰማው መጠየቅና መልሱ እስኪጠራ ከእሱ ጋር መቆየት ያሻል።