ፈዚ የውሳኔ አሰጣጥ ዘዴዎች በታዳጊ አገሮች የመንግሥት ፖሊሲ

ፈዚ የውሳኔ አሰጣጥ ዘዴዎች «ድሃ»፣ «ለድርቅ የተጋለጠ»፣ «አስቸኳይ»፣ «ወጪው የሚቻል» የመሳሰሉ ድንበራቸው ያልጠራ ቃላትን በደረጃ እየለኩ አማራጮችን ለማወዳደርና ለመምረጥ የሚያገለግሉ የሒሳብ ስልቶች ናቸው። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 የቀረበው የፈዚ ስብስብ ንድፈ ሐሳብ ነው። መረጃ በሚጎድልበት፣ መስፈርት በሚበዛበትና በጀት በሚያጥርበት ሁኔታ ለሚወሰኑ የመንግሥት ውሳኔዎች ተስማሚ ሆነው በመገኘታቸው በታዳጊ አገሮች የድህነት ልኬት፣ የውሃና የመሬት አጠቃቀም፣ የትራንስፖርትና የኃይል ዕቅድ ጥናቶች ውስጥ ሰፊ ቦታ አግኝተዋል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጽንሰ ሐሳቡ

በተለመደው የስብስብ ሒሳብ አንድ ነገር የስብስቡ አባል ነው ወይም አይደለም፤ መልሱ 1 ወይም 0 ነው። በፈዚ ስብስብ ግን አባልነት ከ0 እስከ 1 ባለ ማንኛውም ቁጥር ሊገለጽ ይችላል፤ ይህም የአባልነት ደረጃ ይባላል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአየር ንብረት ቀጠና ነው። በተለመደው አከፋፈል ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ያለው ስፍራ ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ እስከ 3200 ሜትር ያለው ደጋ ይባላል። መስመሩ እንዳለ ከተያዘ በ2290 ሜትር ላይ ያለ ማሳ ወይና ደጋ ሲሆን፣ በዚያው ተረተር 20 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው የጎረቤቱ ማሳ ደጋ ነው። ሁለቱን ገበሬዎች ግን አንድ ዝናብ ያርሳቸዋል፣ አንድ ውርጭ ይመታቸዋል። በፈዚ አሠራር ከ2100 ሜትር በታች ያለው 0፣ ከ2500 ሜትር በላይ ያለው 1 ይሁን ተብሎ መካከሉ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ቢደረግ፣ የታችኛው ማሳ የደጋነት ደረጃ 0.475፣ የላይኛው 0.525 ይሆናል። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ልኩን ግን አገኘ።

ፈዚነት ከዕድል ስሌት ጋር ሊምታታ አይገባም። «ነገ የመዝነቡ ዕድል 0.7 ነው» ሲባል ነገ ሲመሽ ዘንቧል ወይም አልዘነበም፤ ጥርጣሬው በዚያው ያበቃል። «ይህ ቤተሰብ በ0.7 ደረጃ ድሃ ነው» ሲባል ግን በጎተራው ያለው እህል ተሰፍሮ፣ በበረቱ ያለው ከብት ተቆጥሮ ካለቀ በኋላም ደረጃው 0.7 ነው። ያልጠራው መረጃው ሳይሆን «ድሃ» የሚለው ቃል ራሱ ነው።

አመጣጥ

የንድፈ ሐሳቡ አባት ሎትፊ ዛዴ በ1921 ባኩ ከተማ ተወለዱ፤ በቴህራን ተምረው ኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አስተማሩ። በ1965 ፈዚ ስብስቦችን ያስተዋወቀውን ጽሑፍ አወጡ። ለፖሊሲ ሥራ በር የከፈተው ግን በ1970 ከሪቻርድ ቤልማን ጋር ያሳተሙት፣ ፈዚ በሆነ ሁኔታ ውስጥ ስለሚሰጥ ውሳኔ የሚተነትነው ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት «ብዙ ሰው ውሃ እንዲያገኝ» የሚለው ግብና «ከበጀት ብዙ ሳያልፍ» የሚለው ገደብ በሒሳብ ዓይን አንድ ዓይነት እንደሆኑ አሳዩ፤ ሁለቱም ፈዚ ስብስቦች ናቸው፣ ውሳኔውም የሚገኘው በሚገናኙበት ቦታ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ተወልደው ለንደን ያስተምሩ የነበሩት ኢብራሂም ማምዳኒ «ሙቀቱ ከፍ ካለ ... ቀንስ» በሚመስሉ የቃል ሕጎች የእንፋሎት ሞተር መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ። በ1987 ሥራ የጀመረው የጃፓን የሰንዳይ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር በዚሁ ስልት ይነዳ ስለነበር ዘዴው ዝናው ናኘ።

በሌላ በኩል በሞሱል ኢራቅ የተወለዱት ቶማስ ሳቲ በ1970ዎቹ የተዋረድ ትንተናን ቀመሩ። ዘዴው መስፈርቶችን ሁለት ሁለት እያደረገ ከ1 እስከ 9 ባለ ሚዛን ያወዳድራል፤ ከውድድሩም የእያንዳንዱን መስፈርት ክብደት ያሰላል። ሳቲ ይህን ስልት በሱዳን የትራንስፖርት ዕቅድ ጥናት ላይ ሥራ ላይ አዋሉት፤ በ1977 የታተመው ይህ ጥናት ዘዴው በታዳጊ አገር ፖሊሲ ላይ ከዋለባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። በ1983 ቫን ላርሆቨንና ፔድሪች የሳቲን ሚዛን ከዛዴ ስብስብ ጋር አጋቡት፤ ፈዚ የተዋረድ ትንተና የሚባለው በዚህ ተወለደ።

ዋና ዋና ዘዴዎች

የግብና የገደብ ዘዴ። የቤልማንና የዛዴ ስልት ነው። አንድ ወረዳ ጥልቅ ጉድጓድ ከማስቆፈርና ምንጭ ከማጎልበት አንዱን ይምረጥ እንበል። ጉድጓዱ ግቡን በ0.9፣ የበጀት ገደቡን በ0.5 ደረጃ ያሟላል፤ ምንጩ ደግሞ ግቡን በ0.6፣ ገደቡን በ0.7። ሁለቱ ሊቃውንት ባቀረቡት ደንብ እያንዳንዱ አማራጭ የሚመዘነው በደካማ ጎኑ ነው፤ ስለዚህ ጉድጓዱ 0.5፣ ምንጩ 0.6 ያገኛሉ፣ ምንጩ ይመረጣል። ውጤቱ በአማካይ ቢሠራ ግን ጉድጓዱ 0.7፣ ምንጩ 0.65 ሆነው ምርጫው ይገለበጣል። ቁጥሮቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። «የአንዱ ድክመት በሌላው ብርታት ይካካሳል ወይስ አይካካስም?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ሒሳብ አዋቂው ሳይሆን የወረዳው ምክር ቤት ነው።

ፈዚ ቶፕሲስ። ከሁሉ የተሻለውንና ከሁሉ የከፋውን የሐሳብ አማራጭ አስቀምጦ፣ ለተሻለው የቀረበውንና ከከፋው የራቀውን እውነተኛ አማራጭ ይመርጣል። መሠረቱ በ1981 በህዋንግና ዩን ተጣለ፤ በ2000 ቼን ባወጡት ቀመር የባለሙያ ቃል በሦስት ቁጥሮች ይተካል፤ ዝቅተኛው፣ ይሆናል የሚባለውና ከፍተኛው። ለምሳሌ «ጥሩ» 7፣ 9 እና 10 ሲሆን «መካከለኛ» 3፣ 5 እና 7 ነው። ሁለት ባለሙያዎች አንድን ፕሮጀክት «ጥሩ»፣ ሦስተኛው «መካከለኛ» ቢሉት አማካዩ 5.67፣ 7.67 እና 9 ይሆናል። ወደ አንድ ቁጥር ሲመለስ 7.44 ይወጣል፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ስፋት ደግሞ የተሰጠው ፍርድ ምን ያህል ያልጠራ እንደሆነ ይናገራል።

በሕግ ላይ የተመሠረቱ ሥርዓቶች። የማምዳኒን መንገድ ተከትለው «ዝናቡ ያነሰ ከሆነና የእህል ዋጋ ከናረ፣ ስጋቱ ከፍተኛ ነው» የመሳሰሉ የባለሙያ ሕጎችን ይሰበስባሉ። ለጎርፍና ለድርቅ ስጋት ካርታ ተመራጭ ናቸው።

ፈዚ የግንዛቤ ካርታ። በ1986 ባርት ኮስኮ ያስተዋወቁት ይህ ዘዴ የምክንያትና የውጤት ቀስቶችን ከነጥንካሬያቸው ይስላል። በቱርክ ኦዘስሚ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ሥራ በሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች የየራሳቸውን ካርታ እንዲስሉ አድርገው አንድ ላይ አዋሕደውታል። ከዘዴዎቹ ሁሉ የተራውን ሰው ዕውቀት ያለ አስተርጓሚ ለመቀበል የሚቀርበው ይህ ነው።

ድህነትን መለካት

ዘዴዎቹ ከተፈተኑባቸው የፖሊሲ መስኮች አንዱ የድህነት ልኬት ነው። የዓለም ባንክ ዓለም አቀፉን የከፋ ድህነት መስመር በ2025 ከ2.15 ወደ 3.00 ዶላር በቀን ከፍ አድርጎታል። በመስመሩ አሠራር በቀን 2.99 ዶላር የሚያወጣ ሰው ድሃ ነው፤ 3.01 የሚያወጣው አይደለም። ከ2010 ጀምሮ የሚወጣው ዓለም አቀፍ የብዙ ገጽታ ድህነት መለኪያ ጤናን፣ ትምህርትንና የኑሮ ደረጃን በ10 አመልካቾች ቢያይም እሱም ሲሶው ላይ መስመር ያሰምራል።

ጣሊያናውያኑ ቸሪዮሊና ዛኒ በ1990 ድህነትን እንደ ፈዚ ስብስብ ቆጥረው በመስመሩ ፋንታ የሽግግር ቀጠና አስቀመጡ። ኬሊና ለሚ በ1995 የቀጠናውን ዳርቻ ተመራማሪው በግምት ከሚያስቀምጠው ከኅብረተሰቡ ስርጭት ይውጣ አሉ፤ አንድ ሰው የሚያገኘው ደረጃ ከእሱ የተሻለ የሚኖረው ሰው ብዛት ላይ ይመሠረታል። ይህ ግምትን ቢቀንስም ድህነትን አንጻራዊ ያደርገዋል፤ ሁሉም በተራበበት አገር ረሃቡ በልኬቱ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። ቀጥሎ የመጡት ተመራማሪዎች ልኬቱን ድህነትን ሰው ሊሆንና ሊያደርግ በሚችለው ነገር ከሚመዝነው ከአማርትያ ሴን የችሎታ አቀራረብ ጋር አያያዙት፤ ቂዚልባሽና ክላርክ በ2005 በደቡብ አፍሪካ ያካሄዱት ጥናት ከእነዚህ አንዱ ነው።

የኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት ምሳሌ

በ2005 የተጀመረው የኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ፈዚ ሒሳብ አይጠቀምም፤ የአሠራሩ ችግር ግን ፈዚ ነው። ፕሮግራሙ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ካለባቸው ቤተሰቦች መሥራት የሚችሉትን በማኅበረሰብ ሥራ፣ የማይችሉትን በቀጥታ ድጋፍ ይረዳል። የፕሮግራሙ ቀደምት መመሪያዎች እንደ ዋና መለያ የያዙት ባለፉት 3 ዓመታት ተከታታይ የ3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት መኖርን ነው።

ሦስት ወር ግልጽ መስመር ይመስላል፤ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሲደርስ ግን ይደበዝዛል። የአንዷ እማወራ እህል የሚያልቀው አዲሱ ምርት ከመሰብሰቡ ሁለት ወር ተኩል ቀድሞ ነው፤ በሬ የላትም፣ መሬቷን በእኩል አሳርሳለች። የሌላው አባወራ ክፍተት ሦስት ወር ተኩል ነው፤ ነገር ግን ከተማ ያለ ልጁ ገንዘብ ይልክለታል። መራጩ ኮሚቴ ወሩን ብቻ አይቆጥርም፤ መሬት፣ ከብት፣ ጉልበትና ከዘመድ የሚመጣ ድጋፍ እያመዛዘነ ይወስናል፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበታል፣ ቅሬታ ያለውም ይሰማል። ሽማግሌዎች «እሷ ትብሳለች» ሲሉ የአባልነት ደረጃን እያወዳደሩ ነው። ፈዚ ዘዴ እዚህ ላይ ሊጨምር የሚችለው አዲስ ፍርድ ሳይሆን የፍርዱን ማስታወሻ ነው፤ ለየትኛው መስፈርት ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠ በጽሑፍ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትና በጎረቤት ቀበሌም ሊመሳከር ይችላል።

የዘዴው ወሰን

ቁርጥ ያለ መስመር ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ሕፃን ክንድ ላይ ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ስታዞር ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ታያለች። ቀይ ካየች ሕፃኑ ወደ ሕክምና ይላካል፤ ለስሌት ጊዜ የለም። ፈዚ ዘዴ የሚጠቅመው ለውሳኔ ቀናት ባሉበት፣ ቦታው ከአመልካቹ በሚያንስበትና ቅደም ተከተል ግድ በሚሆንበት ጊዜ ነው።

አንዳንድ ተቋማት ችግሩን ያለ ፈዚ ሒሳብ ይፈቱታል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1971 በተቋቋመው እጅግ ያላደጉ አገሮች መደብ ውስጥ የመውጫው መስመር ከመግቢያው ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ አገር ለመውጣት ብቁ የሚባለውም በተከታታይ ሁለት የሦስት ዓመት ግምገማዎች ካለፈ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቦታ፣ ስሙ አይጠራ እንጂ፣ የሽግግር ቀጠና ነው።

ትችት

ከጠንካራዎቹ ተቺዎች አንዱ የተዋረድ ትንተና ፈጣሪው ሳቲ ነበሩ። በ2007 ከትራን ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የ1 እስከ 9 ሚዛን በራሱ የሰውን ጥርጣሬ የሚይዝ ስለሆነ ላዩ ላይ ፈዚነት መደረብ ትክክል አይደለም ብለው ተከራክረዋል። ቻንግ በ1996 ለፈዚ የተዋረድ ትንተና ያቀረቡት በብዙ ጥናቶች የሚሠራበት የክብደት ስሌትም በ2008 በዋንግ፣ በሉዎና በህዋ ተተችቷል፤ ስሌቱ ጠቃሚ ለሆነ መስፈርት ዜሮ ክብደት ሊሰጥ እንደሚችል አሳይተዋል። የትምህርት ቤት ቦታ ሲመረጥ የልጆች የእግር መንገድ ርቀት ዜሮ ከተሰጠው፣ መስፈርቱ በወረቀት ላይ አለ፤ በውሳኔው ውስጥ ግን የለም።

ሁለተኛው ትችት ከሒሳቡ ውጭ ነው። የአባልነት ቀጠናው ዳርቻዎች፣ የመስፈርቶቹ ክብደትና የማዋሐጃው ደንብ ሁሉም የሰው ምርጫዎች ናቸው። በዋና ከተማ የተቀመጡ ጥቂት ባለሙያዎች ብቻቸውን ከመረጧቸው፣ ሦስት አሃዝ ያለው ውጤት የእነሱን አስተያየት የሳይንስ ካባ ያለብሰዋል። ስለዚህ በዘዴው የሚሠራ መሥሪያ ቤት ከውጤቱ ጋር ዳርቻዎቹን፣ ክብደቶቹንና ደንቡን አብሮ ማሳተም፣ ጥቂት ሲለወጡ ምርጫው ይገለበጥ እንደሆነም ፈትሾ ማሳየት አለበት። ይህ ካልተደረገ ከ0.475 ይልቅ «ወይና ደጋ ነው» የሚለው የድሮው ቃል ይሻላል፤ ግምት መሆኑን ሁሉም ያውቃልና።