እንቍላል ጣይ ዶሮ በአውሮፓ፤ ከሽቦ ሳጥን ወደ ሜዳ

እንቍላል ጣይ ዶሮ በምን ዓይነት ቤት ትኑር የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአውሮፓን ገበሬዎች፣ ሕግ አውጭዎችና የሳይንስ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የክርክሩን አመጣጥና ኦርጋኒክ የሚባለው የዶሮ አረባብ ያጋጠመውን ችግር እንመረምራለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ዶሮዋ ለምን ወደ ሳጥን እንደ ገባች መረዳት ያስፈልጋል። ዶሮን ዓመቱን ሙሉ ዘግቶ ማኖር ቀድሞ አስቸጋሪ ነበር፤ ፀሐይ ያጣች ዶሮ አጥንቷ ይደክማልና። በ1920ዎቹ የቪታሚን ዲ ጥቅም ታውቆ የዓሣ ዘይት ከመኖ ጋር መቀላቀል ሲጀመር ይህ መሰናክል ተወገደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የሽቦው ሳጥን በአውሮፓ በሰፊው ተስፋፋ። ኩሷ በሽቦው ቀዳዳ ስለሚወርድ ዶሮዋ ከወስፋት ተጠበቀች፤ እንቍላሉ በተዳፋቱ ተንከባሎ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂት ሠራተኛም ብዙ ሺሕ ዶሮ ለመጠበቅ ቻለ። እንግዲህ ሳጥኑ የበሽታና የድካም መፍትሔ ሆኖ መጣ እንጂ ለጭካኔ ተብሎ አልተሠራም።

ይሁን እንጂ ዶሮዋ መጫርን፣ በአፈር መታጠብንና ቆጥ ላይ ማደርን አጣች። በ1964 እንግሊዛዊቷ ሩት ሐሪሰን ይህን አኗኗር የሚነቅፍ መጽሐፍ አሳተሙ። በማግሥቱ ዓመት በ1965 ፕሮፌሰር ብራምቤል የመሩት የመንግሥት ኮሚቴ እንስሳ ቢያንስ ለመቆም፣ ለመተኛት፣ ለመዞር፣ ገላውን ለማጽዳትና እግርና ክንፉን ለመዘርጋት ነፃነት እንዲኖረው አሳሰበ። አሮጌውን ሳጥን የሚያስቀር የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የወጣው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በ1999 ነው። በዚህ ሕግ በአሮጌው ሳጥን ለአንዲት ዶሮ የሚገባት ስፍራ ቢያንስ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ይህም ከተራ የመጻፊያ ወረቀት ስፋት ያንሳል። ሳጥኑ ራሱ ከጥር 1 ቀን 2012 ጀምሮ ተከለከለ።

በዚያው በ1999 የኅብረቱ የኦርጋኒክ ደንብ እንስሳትንም እንዲጨምር ተደረገ። በቤት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ከ6 ዶሮ እንዳይበልጥ፣ በውጭም ለእያንዳንዷ 4 ካሬ ሜትር ሜዳ እንዲሰጥ ታዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳጥኑ ያራቃቸው ችግሮች ከሜዳው ጋር ተመለሱ። ወስፋት በአፈሩ ውስጥ ይቈያል፤ ቅንቅን በቆጡ ስንጥቅ ይደበቃል፤ ቀበሮና ጭልፊትም ይነጥቃሉ። ከቆጥ ወደ ቆጥ ስትዘል ወድቃ የደረት አጥንቷን የምትሰብር ዶሮም ብዙ ናት። የዶሮ ኢንፍሉዌንዛ በዱር አዕዋፍ አማካይነት ሲመጣ፣ በ2016 እና በ2017 መካከል በነበረው ክረምት እንደ ታየው፣ የሜዳዋ ዶሮ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ቤት ትገባለች።

ከሁሉ የሚከብደው የመኖው ጉዳይ ነው። ለብዙ እንቍላል የተመረጠች ዶሮ ሜቲዮኒን የሚባል የፕሮቲን ክፍል በብዛት ትሻለች። በፋብሪካ የተሠራው ሜቲዮኒን ግን በኦርጋኒክ ደንብ ክልክል ነው። ይህን ያጣች ዶሮ ላባዋ ይሳሳል፤ መንጋውም እርስ በርሱ መናቈር ይቀናዋል። መንቈራቸውን እንደ ልማድ መቍረጥም አልተፈቀደም። ስለዚህ ጥቂት ኦርጋኒክ ያልሆነ የፕሮቲን መኖ እንዲጨመር የተሰጠው ፈቃድ በየጊዜው ሲራዘም ኖረ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሕጉ የቤቱን ስፋት ለመለካት ሲተጋ ዶሮዋ ራሷ ለሌላ ኑሮ የተመረጠች መሆኗን እንዳዘገየው ነው። ለሜዳ የሚስማማ ዘር፣ መንጋውን በየቀኑ የሚያይ ጠባቂና የእንቍላሉን እውነተኛ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ካልተገኙ፣ ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ይሆናል። በአገራችንም አብዛኛዋ ዶሮ በጓሮ እየጫረች ብትኖርም ዘመናዊ የእንቍላል እርሻዎች ተቋቁመዋል። ስለዚህ የእርሻ ተማሪዎቻችን የሽቦውን ሳጥንም ሆነ የሜዳውን ደንብ እንዳለ ከመቅዳታቸው በፊት ሁለቱም ያስከተሉትን ኪሣራ አስቀድመው ቢመረምሩ ይጠቅማል እንላለን።