ከአኮርዲዮን እስከ ኦርጋን፤ የአቶ ኃይሉ መርጊያ የወጣትነት ዘመን

የአንድ ሕዝብ የሙዚቃ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ የድምፃዊው ስም ነው። ይህም በሀገራችን የሚያስደንቅ አይደለም። ዜማችን ከጥንት ጀምሮ ከግጥም ጋር ተቆራኝቶ ያደገ በመሆኑ፣ አድማጭ ዘፈን ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አለ?» ብሎ ነው። ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ካበቃ በኋላ፣ ጊዜ ከተረፈው፣ ጆሮውን ወደ መሣሪያው ይመልሳል። ከዚህም የተነሣ ከድምፃዊው ጀርባ ተቀምጠው ዘመናዊውን ሙዚቃችንን ያቆሙት ተጫዋቾች ታሪክ በአብዛኛው ሳይጻፍ ቆይቷል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል የአንዱን፣ የአኮርዲዮንና የኦርጋን ተጫዋቹን የአቶ ኃይሉ መርጊያን የወጣትነት ዘመን ለመመልከት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ስለ አቶ ኃይሉ በዓለም ጋዜጦች ብዙ ጊዜ የተነገረው ታሪክ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ከመኪናቸው ኋላ መሣሪያቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር፤ ከዚያም በ2013 የቀድሞ ሥራቸው እንደገና ታትሞ በስተርጅና ዝናን አተረፉ ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ልብንም ይነካል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ መልክ ብቻ ሲነገር ሙያው ከሰማይ የወረደ፣ ዕድሉም ከባዕድ እጅ የመጣ ይመስላል። ያ ጣት የተገራው የት ነው? ማንስ ገራው? ብለን ስንጠይቅ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ግድ ይሆንብናል።

ዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ በሀገራችን ሥር የሰደደው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከጠላት ወረራ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተጠናክረው ቆሙ፤ በ1955 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። እንግዲህ በዚያን ዘመን አንድ ወጣት ከሙዚቃ እንጀራ ለመብላት ቢመኝ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው በር የመንግሥት በር ነበር።

አቶ ኃይሉ በ1946 በሸዋ ተወልደው በአሥር ዓመታቸው ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በልጅነታቸው የሰሙት የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ የሕዝብ ዘፈን በጆሯቸው ቀረ። በጉርምስናቸው መጀመሪያ ላይ በግላቸው ጥረት መጫወት የተማሩት አኮርዲዮን ነበር። ይህ መሣሪያ ለዘመኑ የተመቸ ነበረ ማለት ይቻላል። ፒያኖ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝም አይመችም። አኮርዲዮን ግን በትከሻ ይንጠለጠላል፤ መብራት አይጠይቅም፤ በሠርግም በድንኳንም ይሰማል። ከሁሉም በላይ ወናፍ ስላለው ይተነፍሳል። ተጫዋቹ ወናፉን ሲስብና ሲገፋ ድምፁ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ዘፋኝ ቃሉን እንደሚያረዝምና እንደሚያሳጥር መሣሪያውም ዜማውን ሊያረዝምና ሊያሳጥር ይችላል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወጣቱ ኃይሉ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ትምህርታቸውን ትተው ወደ ጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡ። በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው ኖታ ማንበብና መጻፍ ሲለምድ ሌላ ዓለም ይከፈትለታል፤ በሰዓቱ መገኘትን፣ ከሌላው ጋር ተስማምቶ መጫወትን፣ የራሱን ድምፅ ለጓዱ ሲል ዝቅ ማድረግን ይማራል። የጦር ሠራዊት ሥርዓት ለሥነ ጥበብ ጠባብ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ከእነዚህ ክፍሎች የወጡ መሆናቸውን ስናይ፣ መሣሪያ፣ መምህርና የወር ደመወዝ በአንድ ቦታ የተገኘበት ሌላ ሥፍራ ጥቂት እንደነበረ ለመመስከር እንገደዳለን።

ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ምሽት እየተለወጠ ሄደ። ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የራሳቸውን ሙዚቀኛ መቅጠር ጀመሩ። በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ የነበረውን ሸክላ የማሳተም መብት ተዳፍረው የራሳቸውን የሸክላ ማተሚያ ሥራ አቋቋሙ። ሙዚቀኛውም ከመንግሥት ደመወዝ ውጭ የሚኖርበት መንገድ ታየው። አቶ ኃይሉም የደንብ ልብሳቸውን አውልቀው በየክበቡ መጫወት ያዙ፤ ከአኮርዲዮንም ወደ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ተሻገሩ። በዚህ መሣሪያ ስመ ጥር የነበረው አሜሪካዊው የጃዝ ተጫዋች ጂሚ ስሚዝ ከሚያደንቋቸው አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ብናቀርብ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ጃዝን የተማሩት በእንግሊዝ ሀገርና በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በበርክሊ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርታቸውን ይዘው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። አቶ ኃይሉ ግን ጃዝን የተማሩት ሀገራቸው ተቀምጠው፣ ከሸክላ እየሰሙ፣ በየሌሊቱ ለሚጨፍርና ለሚመገብ እንግዳ እየተጫወቱ ነው። አንደኛው ትምህርትን ወደ ሥራ አመጡ፤ ሁለተኛው ሥራን ትምህርት ቤት አደረጉ። ሁለቱም መንገዶች ለሀገር ጠቅመዋል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ክራር የሚመታ ሰው አውታሮቹን በቅኝቱ ስለሚቃኝ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰል ወይም ከአንቺ ሆዬ የሚያወጣው አውታር አያገኝም። በኦርጋን ፊት የተቀመጠ ሰው ግን በአንድ እርከን ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፆች ተደርድረው ይጠብቁታል፤ አምስቱን መርጦ ሰባቱን መዝለል የእርሱ ፈንታ ነው። ማሲንቆ በጣት ተንሸራቶ የሚያወጣውን የልቅሶ ድምፅ ኦርጋን ሊያወጣው አይችልም፤ ተጫዋቹ በፈጣን ጣት ድምፆችን እያዋዛ ይተካዋል። የጃዝ ኅብረ ድምፅ ደግሞ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ስለሚያሰማ፣ ጥንቃቄ የጎደለው እጅ ቅኝቱን በቀላሉ ያሰጥመዋል። ስለዚህ የሀገሩን ዜማ ሳያጠፋ በባዕድ መሣሪያ ማስዘፈን ማመዛዘንን የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ማመዛዘን ደግሞ በዓመታት ልምምድ ይገኛል።

ይህ ልምምድ ፍሬውን ያፈራው በዋልያስ ባንድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከቬነስ ክበብ ሙዚቀኞች የተቋቋመው ይህ ጓድ በ1969 በተከፈተው በሂልተን ሆቴል ተቀጥሮ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። እንግዳው ከልዩ ልዩ ሀገር የመጣ በመሆኑ ተጫዋቹ የጃዙንም፣ የሶሉንም፣ የትዝታውንም ስልት አዘጋጅቶ መጠበቅ ነበረበት። በ1974 አብዮት ፈንድቶ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የምሽት ሕይወት በብዙ ቦታ ሲዳከም በሆቴሉ ውስጥ ያመሸው ሰው መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ ይቆይ ነበር፤ ሙዚቀኛውም አብሮት ይነጋ ነበር። ውጭ ያለው ጊዜ የፍርሃትና የሐዘን ጊዜ እንደነበረ አንዘነጋውም። በዚያው ሰዓት ግን የአንድ ጓድ ጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ይሠሩ ነበር።

የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዓይን የሚያልፍበት ዘመን በመሆኑ ቃል የሌለው ሙዚቃ የራሱ ነፃነት ነበረው። በ1975 ጓዱ «ትዝታ» የተባለውን ካሴት አወጣ። በ1977 በካይፋ ሪከርድስ አማካይነት «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ታተመ። የአቶ ግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» በዚህ ሸክላ ላይ ይገኛል፤ ኋላም በልዩ ልዩ ሀገር ጓዶች ደጋግሞ ተጫውቷል። በ1978 ደግሞ አቶ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ሠሩ። በእነዚህ ሥራዎች ኦርጋኑ የድምፃዊውን መቀመጫ ይዞ ዜማውን ራሱ ይመራል። አድማጩ «ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «እንዴት አለው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተማሩ ሥራዎች ናቸው።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ከአቶ ማሕሙድ አሕመድና ከአቶ ጌታቸው ካሣ ጋር ለትርዒት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ አቶ ኃይሉን ጨምሮ አራቱ በዚያው ቀሩ። ጓዱም በዚህ ተከፈለ። አቶ ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተምረው በ1985 ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። በዚያም በዘመኑ ከነበሩት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች መካከል የጉርምስናቸውን አኮርዲዮን መልሰው አመጡት። የወናፉ ትንፋሽ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተሰማ። ሰው በወጣትነቱ የተማረውን በስደት እንኳ እንደማይጥለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ይህ ካሴት ለብዙ ዘመን ተረስቶ ከኖረ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ ገዛው፤ በ2013ም ለዓለም አሳተመው። አቶ ኃይሉም በ2018 እና በ2020 አዳዲስ ሥራዎች አወጡ። ለሰብሳቢው ምስጋና ይገባዋል። እኛን ግን አንድ ጥያቄ ያስጨንቀናል፤ ካሴቱ የተገኘው በሀገራችን ገበያ ላይ ሆኖ ሳለ ዋጋውን አስቀድሞ የነገረን ስለምን የሩቅ ሰው ሆነ? የዘፋኝ ስም ያልተጻፈበትን ሙዚቃ የእንግዳ መቀበያና የራት ማጀቢያ አድርገን በመቁጠራችን ይመስለናል።

ከዚህ ታሪክ ባለሥልጣኑም መምህሩም ተማሪውም የየድርሻቸውን ሊወስዱ ይችላሉ። አንድ ወጣት ተጫዋች ለሙያው የበቃው መሣሪያ ያበደረው ክፍል፣ ኖታ ያስተማረው መምህር፣ በየምሽቱ ያሠራው መድረክና የሠራውን የቀዳለት አታሚ በመኖራቸው ነው። ዛሬም በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በደብረ ብርሃን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጣቱን የሚያፍታታ ልጅ አለ። ተሰጥዎ ከእግዚአብሔር ነው እንላለን፤ መሣሪያው፣ መምህሩና መድረኩ ግን ከእኛ ይጠበቃሉ። እነዚህን ካዘጋጀንለት፣ የሠራውንም በክብር ካስቀመጥንለት፣ የልጆቻችን ልጆች የሀገራቸውን ሙዚቃ ለማወቅ ከውጭ እስኪነገራቸው አይጠብቁም።